ኮስተር ካምፐሬ አልሞቅ አለኝ፤ የሙቀት ቀስቷ ከታች አትነሳም

ኮስተር_ሱሉልታ፦

ሰላም ቤተሰብ። ሰው ሁሉ መኪናዬ ፈላብኝ እያለ ሲጠይቅ እኔ አልሞቅ አለኝ ብዬ መጣሁ። አትሳቁብኝ።

መኪናው ቶዮታ ኮስተር ነው። ሞተሩ 1 ኤች ዜድ፣ 4.2 ሊትር ናፍታ፣ ስድስት ሲሊንደር፣ ተርቦ የሌለው። የኋላ ወንበሮቹ ወጥተው አልጋ፣ ምድጃ፣ ፍሪጅና ጠባብ ሻወር ገብቶበታል። እንግዳ ሲገኝ ይዤ ወደ ሰሜን እወጣለሁ፣ ሥራ ሲቀዘቅዝ ሱሉልታ ግቢ ውስጥ ቆሞ ይውላል። የገዛሁት ካምፐር ሆኖ ተሠርቶ ካለቀ በኋላ ነው። ስለዚህ ከእኔ በፊት ማን ምን እንደነካካ አላውቅም።

ችግሩ ይሄ ነው። ጠዋት አስነስቼ ስወጣ የሙቀት ቀስቷ ቀዝቃዛው ምልክት ላይ ተኝታ ነው የምትሄደው። ከአዲሱ ገበያ የእንጦጦን ዳገት ስወጣ ትንሽ ነሳ ትላለች፣ ግማሽ ጋ ግን አትደርስም። ጫፉ ላይ ወጥቼ ወደ ሱሉልታ ቁልቁል ስጀምር ተመልሳ ትተኛለች። ከጫንጮ እስከ ፍቼ ባለው ሜዳ ሩብ እንኳ አትሞላም። ከጎሃ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ ስወርድማ ጭራሽ ጌጁ የጠፋ ነው የሚመስለው።

እኔ ብቻዬን ብሆን ቀስቷን ዝም እላት ነበር። ግን የሻወሩ ውሃ የሚሞቀው በሞተሩ ኩላንት፣ ማለትም በማቀዝቀዣ ውሃው ነው፤ ከወለሉ በታች ቱቦ ሄዶ ታንከሩ ውስጥ ይጠመዘዛል። እንግዶቼ ቀኑን ሙሉ ተጉዘን ማታ ሲታጠቡ ለብ ያለ ውሃ ነው የሚያገኙት። በህዳር ውርጭ ለብ ባለ ውሃ ታጠቡ ማለት እንዴት ያሳፍራል መሰላችሁ። በዚያ ላይ ጠዋት ጠዋት ዓይን የሚያቃጥል ነጭ ጭስ ያጨሳል፣ ናፍታም ከበፊቱ ይበላል።

አንድ ጋራዥ ወሰድኩት፣ ሴንሰር ነው ብለው ቀየሩ፣ ያው ነው። ሌላው ደግሞ «አትንካው፣ ቀዝቃዛ ሞተር ዕድሜው ይረዝማል» ብሎ መለሰኝ። እውነት ነው? ወይስ ከፍታው ነው? ሱሉልታ ከአዲስ አበባም ከፍ ያለ ነው፣ ብርዱንም ታውቁታላችሁ።

ናፍታ_ሽታ፦

ወንድሜ ሌላ ነገር ከመንካትህ በፊት የራዲያተሩን ውሃ እይ። ፕላስቲኩን ጠርሙስ አላልኩም፣ ራሱን ራዲያተሩን። ጠዋት ሞተሩ በረዶ ሆኖ እያለ ክዳኑን ከፍተህ እስከ አፉ ሙሉ መሆኑን በዓይንህ አረጋግጥ። ጠርሙሱ ሙሉ ሆኖ ራዲያተሩ ጎድሎ ሊገኝ ይችላል፣ ክዳኑ ካረጀ ውሃውን መልሶ አይስበውም።

ይህን የምልህ ለምን መሰለህ፣ ሴንሰሩ የሚለካው የነካውን ነው። ውሃ ጎድሎ ጫፉ አየር ውስጥ ከቀረ ቀስቷ ዝቅ ብላ ቁጭ ትላለች፣ ከሥር ግን ሞተሩ እየነደደ ሊሆን ይችላል። ቴስታታ፣ የሞተሩን የላይኛውን ክዳን፣ የሚያጣምመው እንዲህ ያለው ነው፣ ሹፌሩ ቀዝቃዛ ነው እያለ ይነዳል። ያንተ ምልክት ይሄን አይመስልም፣ ሻወሩም ስለቀዘቀዘ። ቢሆንም መጀመሪያ ይሄን አጣራ፣ ገንዘብ አያስወጣም።

የጂቡቲ_መስመር፦

እኔ የምነዳው ከባድ መኪና ነው። የኛ ሰው ቴርሞስታት የሚባለውን ነገር ገና መኪናው ሲገባ ነው አውጥቶ የሚጥለው። አዋሽን አልፈህ ሚሌና ሎጊያ ስትደርስ ሙቀቱ ከ40 በላይ ነው፣ ጭነት አለ፣ እዚያ ሞተርህ ቢፈላ ማን ይደርስልሃል? ስለዚህ ቀዝቃዛ መሆኑ ጸጋ ነው በለው። ብርዱ ካስቸገረህ ራዲያተሩ ፊት ግማሽ ድረስ ካርቶን አስገባ። ደብረ ብርሃንና ጣርማ በር ላይ ሌሊት የምንሄደው እንደዛ ነው። ቆላ ስትወርድ ታወጣዋለህ፣ አለቀ።

ጋሽ_ቡሎን፦

ገላን ነኝ፣ የናፍታ ሞተር ነው ሥራዬ። ትንሽ ላስረዝም ነው፣ ምክንያቱም ከላይ የተጻፈው ግማሹ ልክ ነው፣ ግማሹ ደግሞ ብዙ ሞተር የበላ ነገር ነው።

በከፍታው ልጀምር። ከፍታ ሞተር አያቀዘቅዝም። እንዲያውም እዚህ አካባቢ አየሩ ከባሕር ዳርቻው ጋር ሲነጻጸር ሩብ ያህል ሊሳሳ ምንም አልቀረውም፤ ሳስቶ በራዲያተሩ የሚያልፍ አየር ደግሞ የሚወስደው ሙቀት ያነሰ ነው። ስለዚህ ከፍታ የሚገፋው ወደ መሞቅ ነው። የሱሉልታ ብርድ እውነት ነው፣ ግን ጤነኛ ሞተር በሱሉልታ ብርድ አይደለም በበረዶ አገርም ሙቀቱን ይይዛል። የሚይዝለት ቴርሞስታቱ ነው።

ቴርሞስታት ውስጡ ሰም ነው። ሰሙ ሲሞቅ ያብጥና በሩን ይገፋል። እስኪሞቅ ድረስ ውሃው ሞተሩ ውስጥ ብቻ ይዞራል፣ ወደ ራዲያተር አይሄድም። የኮስተር ራዲያተር የተሠራው ሙሉ ሰው ጭኖ በቆላ ዳገት ለሚወጣ መኪና ነው። እሱን ራዲያተር ጠዋት ሱሉልታ ላይ ያለ በር ከለቀቅከው ሞተሩ ያመረተውን ሙቀት ሁሉ ጠራርጎ ይወስዳል። በተለይ ናፍታ። ናፍታ ሞተር ነዳጅ ሳይረገጥ በሚኒሞ ሲቆም አየሩን ሙሉ እየሳበ ነዳጁን ጠብታ ነው የሚያቃጥለው፣ ሙቀት የለውም። ለዚህ ነው ግቢ ውስጥ አስነስተህ ግማሽ ሰዓት ብታቆመው የማይሞቅልህ። ይልቅ ትንሽ ካቆየኸው በኋላ ሳትረግጠው ቀስ ብለህ እየነዳህ አሙቀው።

አሁን አንተ የጻፍከውን ደግመህ አንብበው። ዳገት ላይ ይነሳል፣ ቁልቁለት ላይ ይወድቃል፣ ሜዳ ላይ ዝቅ ብሎ ይሄዳል። ሙቀቱ መንገዱን እየተከተለ ነው ማለት ነው። የተበላሸ ሴንሰር እንዲህ አያደርግም፣ አንድ ቦታ ይቆማል ወይም ይዘላል። ቴርሞስታቱ ወይ ተከፍቶ ደርቋል፣ ወይ የለም። እኔ የለም ባይ ነኝ፣ ግን በእጅህ አረጋግጥ።

ጠዋት ገና ሳይሞቅ አስነሳና ከሞተሩ ወደ ራዲያተሩ አናት የሚሄደውን ትልቁን ቱቦ ያዘው። ጋቢህን አውልቀህ፣ እጅጌህን ሰብስበህ፣ ቬንትሌተሩና ቺንጋው አጠገብህ ነው። ቴርሞስታቱ ጤነኛ ከሆነ ሞተሩ እየሞቀ ቱቦው ለረጅም ጊዜ ቀዝቃዛ ይቆያል፣ ከዚያ በአንዴ ያቃጥልሃል። የለም ወይም ተከፍቶ ከቀረ ግን ቱቦው ከሞተሩ ጋር አብሮ ከመጀመሪያው ቀስ እያለ ይሞቃል። በአንዳንድ ሞተር የቴርሞስታቱ ቤት በታችኛው ቱቦ በኩል ነው፣ ያኔ የሚዳሰሰው የታችኛው ይሆናል። ቱቦውን ተከትለህ ሂድ፣ ሞተሩ ላይ የሚያርፍበት ቦታ ታየዋለህ።

የሙቀት ሽጉጥ ካለህ ደግሞ የበለጠ ጥሩ። የሚያብረቀርቅ አሉሚኒየም ላይ ከተኮስከው ግን ውሸት ያወራሃል፣ አሳንሶ ነው የሚያነበው። ብረቱ ላይ ቁራጭ ጥቁር ናስትሮ ለጥፍና እሱ ላይ አነጣጥር።

ጌጁንም እግረ መንገድህን ፈትነው። ቁልፉን ከፍተህ፣ ሞተሩን ሳታስነሳ፣ የቡልቦውን፣ የሙቀት ሴንሰሩን ማለቴ ነው፣ ሽቦ ንቀል። ቀስቷ ከታች መተኛት አለባት። ከዚያ ሽቦውን በትንሽ አምፖል በኩል ከብረት አገናኘው፣ ቀስቷ ወደ ላይ መሄድ አለባት። 3.4 ዋት የምትለዋ ትንሿ አምፖል ትበቃለች። ቀጥታ ከብረት የሚያነካኩ አሉ፣ እኔ አልመክርም፣ ጌጁን ልታቃጥለው ትችላለህ።

«ቀዝቃዛ ሞተር ዕድሜው ይረዝማል» ያለህ ሰው ግን ምን ማለቱ እንደሆነ እንጃ። ቀዝቃዛ ግድግዳ ላይ የተረጨ ናፍታ ሙሉ አይቃጠልም። ዓይን የሚያቃጥለው ነጭ ጭስ እሱ ነው፣ ያልነደደ ናፍታ። የቀረው በፒስተን ቀለበት አልፎ ዘይትህ ውስጥ ይወርዳል፣ ዘይቱ ይቀጥናል። ሲሊንደሩ የሚበላው ያኔ ነው።

የጂቡቲ_መስመር፦

ጋሼ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ፣ ሠመራ አካባቢ ቴርሞስታት ያለው መኪና ፈልቶ መንገድ ዳር ሲቆም፣ የሌለው ሲያልፍ በዓይኔ አይቻለሁ። ይሄንን ምን ይሉታል?

ጋሽ_ቡሎን፦

አይተሃል፣ አልክድህም። ግን የቆመው መኪና ራዲያተሩ ግማሹ በዝገት ተደፍኖ እንደሆነ አላየህም። ቴርሞስታት ሙሉ ከተከፈተ በኋላ የሚይዘው ውሃ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። እሱን ስታወጣው የተደፈነውን ራዲያተር ለጥቂት ጊዜ ደበቅከው እንጂ በሽታው አለ።

ሌላም ነገር አለ። ከሥሩ ሁለተኛ ሳህን ያለው ቴርሞስታት አይተህ ታውቃለህ? እሱ ሳህን ሥራው በሩ ሲከፈት አቋራጩን መንገድ መዝጋት ነው። ቴርሞስታቱን ካወጣኸው አቋራጩን የሚዘጋ የለም። ውሃው ከፊሉ ራዲያተሩን ሳያይ ተመልሶ ሞተር ይገባል። እንዲህ ያለው ሞተር እንጦጦ ላይ አይሞቅም፣ ሎጊያ ላይ ደግሞ ይፈላል። ሁለቱንም አጣህ ማለት ነው።

እና ክዳን። በአዲስ አበባ ከፍታ ውሃ ክፍት ድስት ውስጥ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው። መኪናውን የሚያድነው የራዲያተሩ ክዳን ግፊት መያዙ ነው፤ 0.9 ባር የሚል ጤነኛ ክዳን ካለ እዚህም ሆነህ ከ110 በላይ ትሄዳለህ። ጎማው የደረቀ ክዳን ግን ግፊት አይዝም፣ ውሃው 92 ላይ ይንተከተካል፣ ሰውየው ሞተሬ ፈላ ይላል፣ መካኒኩ ቴርሞስታቱን ያወጣል። ክዳን ቀይሩ እያልኩ ምላሴ ተላጠ፣ ማን ይሰማል። ርካሽ ስለሆነ ይመስለኛል የሚንቁት።

ካርቶኑን በተመለከተ፣ ለአንድ ሌሊት መንገድ ይሁን። ጌጁን እያየህ። መድኃኒት ነው ብለህ ግን አትያዘው።

ዶልፊን_ሹፌር፦

ይቅርታ መሐል ገባሁ። የኔ ሃይስ ዲ ፎር ዲ 1 ኬዲ ነው። የቼክ ኢንጅን መብራት በርቶ በማሽን ሲነበብ ፒ 0128 አለ። ይሄም እንደዛው ነው? ያነበበልኝ ልጅ ኮዱን ላጥፋልህ አለኝ።

ናፍታ_ሽታ፦

አዎ፣ እንደዛው ነው። ኮዱ የሚለው ውሃው መድረስ ያለበት ሙቀት ላይ በጊዜው አልደረሰም ነው። አብዛኛውን ጊዜ ቴርሞስታቱ ነው፣ አልፎ አልፎ ሴንሰሩ ወይም የጎደለ ውሃ። ማጥፋቱ ምንም አይፈይድም፣ ተመልሶ ይበራል። ኮምፒውተር ባለው ሞተር ደግሞ ይብሳል፤ ሞተሩ ገና አልሞቀም ብሎ ስለሚያስብ የነዳጁን ልክና ሰዓት ለቀዝቃዛ ሞተር ነው የሚያደርገው፣ አንዳንዴም ሚኒሞው ከፍ ብሎ ይቀራል። የራስህን ጥያቄ ለብቻው ክፈተው፣ እዚህ የኮስተሩ እንዳይጠፋብን።

ኮስተር_ሱሉልታ፦

ጋሼ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ያሉትን ሁሉ አደረግኩ።

ራዲያተሩ እስከ አፉ ሙሉ ነው። ጌጁ በአምፖሏ ወጣ፣ ሽቦው ሲነቀል ተኛ፣ ስለዚህ ጌጁ ደህና ነው። የላይኛውን ቱቦ ስይዘው ገና ከመጀመሪያው እጄ ላይ ሞቅ ሞቅ ማለት ጀመረ። የጎረቤቴን የሙቀት ሽጉጥ ተውሼ፣ ጥቁር ናስትሮ ለጥፌ፣ ከጫንጮ ስመለስ ለካሁት፤ 57 ዲግሪ። ያለ ናስትሮ ብረቱ ላይ ስተኩሰው ከ40 በታች ነው ያለኝ፣ እንዳሉት ውሸታም ነው።

ከዚያ ቤቱን ፈታሁት። ቴርሞስታቱ አለ ብዬ በደስታ ልጮህ ስል ለካስ ያለው ክብ ቆርቆሮው ብቻ ነው! ስፕሪንጉም፣ ሰሙ ያለበት የነሐስ ዕቃም በመጋዝ ተቆርጦ ወጥቷል። የተቆረጠበት ጠርዝ በፋይል ተሞርዶ ሁሉ ነበር። ሰውየው ተጠንቅቆ ነው ያበላሸው። ክቡን የተወው ጎማው እንዲያርፍበትና እንዳያፈስ መሆኑ ነው መሰለኝ።

አሁን ምን ልግዛ? ሶማሌ ተራ ልሄድ ነው። በሩ የሚከፈትበት ዲግሪ 71 የሚልም፣ 76 የሚልም፣ 82 የሚልም አለ ይሉኛል።

ጋሽ_ቡሎን፦

አልኩህ። ይሄን ሥራ የሚሠሩ እጃቸው የሰላ ሰዎች ናቸው፣ ለበጎ ቢያውሉት።

ሶማሌ ተራ ስትሄድ የቀረውን ክብ ቆርቆሮ ይዘህ ሂድ። ስፋቱና ውፍረቱ እኩል መሆን አለበት። ቁጥሩን በተመለከተ ለሞተርህ የተሠራውን ውሰድ። የቻስሲ ቁጥርህን ለሻጩ ስጠው፣ ደህናው ሱቅ በሱ ይፈልግልሃል። ለ71 ግን እጅህን አትዘርጋ፣ ከችግርህ ግማሹን ገዝተህ መመለስ ነው።

ከመግጠምህ በፊት ድስት ውስጥ ፈትነው። ቴርሞስታቱን በሽቦ አንጠልጥለህ ውሃ ውስጥ አስገባው፣ የድስቱን ታች እንዳይነካ። ቴርሞሜትርም አብረህ ጨምር። 82 የሚል ከሆነ ከ80 እስከ 84 ባለው ውስጥ በሩ መንቀሳቀስ መጀመር አለበት። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሸወዳል፣ ልብ በል፤ ሙሉ በሙሉ የሚከፈተው 95 አካባቢ ነው። ሱሉልታ ላይ ደግሞ ውሃህ 91 ገደማ ላይ ይፈላና ከዚያ በላይ አይሞቅም። የፈለከውን ያህል እሳት ጨምር፣ አይሞቅም። ስለዚህ ድስቱ ውስጥ ግማሽ ተከፍቶ ብታየው የተበላሸ ነው ብለህ እንዳትመልሰው። መጀመሩን እይ፣ ስታወጣው በደንብ ጥብቅ ብሎ መዘጋቱን እይ፣ ይበቃሃል።

ስትገጥመው ትንሿ የምትንቀጠቀጠው ፒን ወደ ላይ ትሁን። አየር የሚወጣው በሷ ነው። ፒኗ ከታች ከሆነች አየሩ ከላይ ይታፈንና ሙቅ ውሃ ሰሙ ጋ አይደርስም፣ በሩ ዘግይቶ ይከፈታል። ዙሪያውን የሚለብሰው ጎማ አዲስ ይሁን። አሮጌው ከደረቀ ውሃው በጎን ሾልኮ ራዲያተር ይገባል፣ አዲስ ቴርሞስታት ገዝተህ ሞተሩ ያው ብርድ ይሆንብሃል። ቤቱ የተቀመጠበትን ፊት በቢላ ፍቀህ አጽዳ፣ ሲሊኮን አታብዛበት፤ ተርፎ ወደ ውስጥ የገባው ተቆርጦ ራዲያተር ውስጥ ነው የሚያልቀው።

ኩላንቱን የቧንቧ ውሃ ብቻ አድርገህ አትሙላ። ግማሽ በግማሽ ከንጹሕ ውሃ ጋር። ለውርጩ ብቻ አይደለም፣ ዝገቱን የሚከላከለው እሱ ነው። ስትሞላ የክፍሉን ማሞቂያ ሙሉ በሙሉ ክፈተው፣ አየሩ ከዚያም መውጣት አለበት።

ቧንቧ_በካምፐር፦

ሰላም ለሁላችሁ። እኔ የካምፐር ውሃና ጋዝ መስመር ነው የምዘረጋው፣ ለገጣፎ ነኝ። ጋሼ ስለ ሞተሩ የተናገሩት ላይ የምጨምረው የለኝም። ስለ ሻወሩ ግን አንድ ነገር ልበል፤ ቴርሞስታቱ ብቻውን ያንን አይፈታውም ብዬ ስለምፈራ።

ከሞተሩ እስከ ታንከሩ የሚሄዱት ቱቦዎች ከወለሉ በታች ራቁታቸውን ናቸው? ኮስተር ላይ ታንከሩ ከኋላ ከሆነ መሄጃና መመለሻው ተደምሮ ረጅም ነው። ቀዝቃዛ ነፋስ ቀኑን ሙሉ ሲመታው ሁለተኛ ራዲያተር ሆነ ማለት ነው። በዚያ ላይ ይሄ መስመር እንደ ክፍል ማሞቂያው ቴርሞስታቱን ሳይጠብቅ ነው ውሃ የሚወስደው። ቴርሞስታቱ ተዘግቶም ቢሆን ሙቀቱ በሱ በኩል ይወጣል።

ለማወቅ ቀላል ነው። ሞተሩ አጠገብ ወደ ኋላ የሚሄዱትን ሁለቱን ቱቦዎች የቱቦ መቆንጠጫ ይዘህ ለጊዜው ቆንጥጣቸው፤ በባዶ ፒንሳ ሳይሆን፣ ጎማውን ትቆርጠዋለህ። ቆንጥጠህ ስትነዳ ቀስቷ ፈጥና ከወጣች መስመሩ ሙቀት እየበላ ነው። ቫልቮላ ከሌለው አስገባለት፣ ጠዋት ሞተሩ እስኪሞቅ ዝጋው፣ ከሞቀ በኋላ ክፈተው። ቱቦዎቹን ደግሞ ለአየር ማቀዝቀዣ ቧንቧ የሚሆነውን ጥቁሩን ስፖንጅ አልብሳቸው። ከጭስ ማውጫው ግን አርቃቸው፣ ይቀልጣል።

ቱቦው ወደ ላይ የሚቀለበስበት ቦታም ካለ እይ። አየር እዚያ ጉብታ ላይ ይቀመጥና ውሃው አይዞርም። እኔ የገጠሙኝ ቀዝቃዛ ታንከሮች አብዛኞቹ እንዲህ ነበሩ። መኪናውን ዳገት ላይ አፍንጫውን ወደ ላይ አድርገህ አቁመህ ነው የምትሞላው፣ አየሩ ወደ ራዲያተሩ አፍ እንዲመጣ።

ኮስተር_ሱሉልታ፦

እህቴ በጣም አመሰግናለሁ። ቱቦዎቹ ራቁታቸውን ነበሩ። አንዱ በናፍታ ታንከሩ አጠገብ ወደ ላይ ተቀልብሶ ነው የሚያልፈው፣ ልክ እንዳልሽው።

82 የሚለውን ቴርሞስታት ገጠምኩ፣ ክዳኑንም አብሬ ቀየርኩ፣ ቱቦውን አስተካክዬ አለበስኩት፣ ቫልቮላም ገባለት። ቱቦውን ስይዝ አሁን ሞተሩ እየሠራ ቀዝቃዛ ነው፣ ቀዝቃዛ ነው፣ ከዚያ በአንዴ ያቃጥላል። ጫንጮ ሳልደርስ ቀስቷ ከግማሽ ትንሽ ዝቅ ብላ ቆመች፣ እስከ ፍቼም አልተነቃነቀችም። ናስትሮው ላይ 83 ነው የሚያነበው። ሻወሩ አሁን ቀዝቃዛ ሳይቀላቀልበት የሚቻል አይደለም።

ሁለት ነገር ግን ቀረኝ። ወደ ዓባይ ስወርድ ቀስቷ አሁንም ዝቅ ትላለች፣ እንደ ድሮው አትተኛም እንጂ። ሌላው፣ ቬንትሌተሩ ጠዋት ሲነሳ እንደ አውሮፕላን ይጮኻል። እሱስ ሙቀት አይወስድብኝም?

የጂቡቲ_መስመር፦

ለካ ይሄ ሁሉ ነገር አለው። ጋሼ፣ የኔ መኪና ቴርሞስታት የለውም፣ ላስገባለት ካልኩ ራዲያተሩን አስቀድሜ ላሳጥብ?

ጋሽ_ቡሎን፦

የጂቡቲው፣ አዎ፣ ራዲያተሩን አስቀድመህ። አስፈትተህ በዘንግ ይጠረግ፣ በውጭ ያለውን ጭቃና ነፍሳት ደግሞ ከሞተሩ በኩል ወደ ፊት በውሃ ግፋው፤ በኃይለኛ ግፊት ግን አይደለም፣ ክንፎቹን ታጣጥፋለህ። ክዳን ቀይር። ከዚያ ቴርሞስታቱ ይግባ። በዚህ ቅደም ተከተል ካልሆነ ሚሌ ላይ ቆመህ እኔን ነው የምትረግመው።

ኮስተር፣ የዓባዩ ቁልቁለት ጤነኛ ነው። እግርህን ከነዳጅ አንስተህ በማርሽ ስትይዘው ፓምፑ ናፍታ አይሰጥም። ያልነደደ ነዳጅ ሙቀት አያመጣም፣ የክፍሉ ማሞቂያና የሻወሩ መስመር ግን መውሰዳቸውን አያቆሙም። በረጅሙ ቁልቁለት ሁለቱን ብትዘጋቸው የበለጠ ይይዛል። ድልድዩን ተሻግረህ ወደ ደጀን መውጣት ስትጀምር ቶሎ ወደ ቦታዋ ካልተመለሰች ያኔ ጻፍልኝ።

ቬንትሌተሩ ጠዋት ትንሽ ቢጮህ የተለመደ ነው። የማርሹ ሳይሆን የራሱ የቬንትሌተሩ ክላች ውስጥ ያለው ዘይት ሌሊት ተሰብስቦ ያድራል፣ ትንሽ ከነዳህ በኋላ ይለቀዋል። ካልለቀቀ ግን፣ ማለትም ቀኑን ሙሉ ሞተሩን ባስጮህክ ቁጥር አብሮ የሚያገሳ ከሆነ፣ ክላቹ ደርቋል ወይም አንድ ሰው በቡሎን አስሮታል። ሞተሩን አጥፍተህ ቁልፉን ኪስህ ከትተህ በእጅህ አዙረው። ትንሽ ከበድ እያለ መዞር አለበት። ከፑሌው ጋር እንደ አንድ ብረት ከሆነ የታሰረ ነው። ቴርሞስታቱን እንዲያ የሠራው ሰው ይሄንንም ነክቶት ከሆነ አይገርመኝም።

አሁን ዘይቱን ሳትቀይር እንግዳ ይዘህ እንዳትወጣ። የዘይቱን መለኪያ አውጥተህ አሽትተው። ናፍታ ናፍታ ካለ፣ ወይም ሳትጨምርበት ከላይኛው ምልክት አልፎ ከተገኘ፣ ለዚህ ሁሉ ጊዜ የወረደው ናፍታ እዚያ ነው ያለው። ሞተሩ ሞቅ እያለ አፍስሰው፣ ፊልትሮውም አብሮ ይቀየር። አዲሱን ሞልተህ ለጥቂት ጊዜ ከነዳህ በኋላ ደግሞ መለኪያውን እይ። አሁንም ከፍ እያለ ከሄደ ጉዳዩ ቴርሞስታት አይደለም፣ ናፍታ የሚረጨው ኖዝል ነው፣ ኖዝሎቹን አውጥተህ ግፊታቸውን ማስለካት ይኖርብሃል።